የፖሊዮ ዘመቻ ሲያልቅ በጎ ፈቃደኞቹን አናሰናብት

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

በከተማችን በድሬዳዋ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ በታወጀ ቁጥር የሠፈር ወጣቶችና እናቶች ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ በረዶ የታሸገበትን የክትባት ሳጥን በትከሻቸው አንግተው፣ ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን በር ሲያንኳኩ እናያለን። ሕፃኑ ሁለት ጠብታ ይወስዳል፣ ጣቱ ላይ ቀለም ይደረግለታል፣ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ይጻፋል። ዘመቻው በተዘጋ ማግስት ግን ፈቃደኞቹን የሚያስታውሳቸው የለም፤ የተባለላቸውን የውሎ አበል ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለሱ የከረሙም አውቃለሁ።

የዓለም ጤና ጉባኤ ፖሊዮን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወስን፣ የልጅነት ልምሻ ከ125 በሚበልጡ አገሮች በየዓመቱ 350 ሺህ ያህል ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። ዛሬ የተፈጥሮው ቫይረስ ሥርጭት ያልተቋረጠው በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ብቻ ሲሆን፣ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ከዚህ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተረጋግጧል። ለዚህ ካበቁን መካከል እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ገንዘብ ያሰባሰቡት የዓለም አቀፉ የበጎ አድራጎት ክበብ የሮታሪ አባላትና በየአገሩ በእግራቸው የዞሩ ፈቃደኞች ይገኙበታል፤ በፓኪስታን ክትባት ሲያዳርሱ በጥይት የተገደሉ ሴቶችም አሉ።

ሆኖም የነፃነቱ ማረጋገጫ ክትባት በተጓደለባቸው አካባቢዎች በጠብታው ክትባት ውስጥ ካለው የተዳከመ ቫይረስ ተለውጦ የሚዛመተውን ዓይነት አይጨምርም፤ እሱ ደግሞ በአገራችንም ታይቷል። የተፈጥሮው ቫይረስም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሶማሊያ የተነሣው ወረርሽኙ ወደ ሶማሌ ክልላችን የገባው ድንበር ሳያግደው ነው። ከጅቡቲና ከጅግጅጋ የሚመጣ ብዙ መንገደኛ የሚያርፍባት ድሬዳዋ ይህን ልትዘነጋ አይገባም።

አስቸጋሪው ነገር፣ ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ልጅ እግሩ ሲዝል በሽታው በሠፈሩ ውስጥ ውሎ አድሯል ማለት ነው። ስለዚህ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲልፈሰፈስ፣ በ14 ቀናት ውስጥ ቢያንስ የ24 ሰዓት ልዩነት ያላቸው ሁለት የዓይነ ምድር ናሙናዎች ሊወሰዱለት ይገባል። የኛ እናት ግን ልጇን በቅድሚያ የምትወስደው ወጌሻ ዘንድ ነው፤ ወድቆ ይሆናል ብላ ታሳሻለች፣ ካልሆነም ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኩ ትሄዳለች፣ ቀኑም በዚያው ያልፋል። ወጌሻውን በስም የሚያውቅ፣ ቡና ላይ የሚወራውን የሚሰማ ሰው ከጤና ጣቢያ ይልቅ በሠፈር ይገኛል። ያም በዘመቻው በር ያንኳኳው ፈቃደኛ ነው።

ስለሆነም የሚመለከታቸው የከተማው የጤና ኃላፊዎች በየቀበሌው ጥቂት ፈቃደኞችን ዓመቱን ሙሉ እንዲያቆዩ እጠይቃለሁ። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚናገሩ ቢካተቱ፣ የስልክ ወጪያቸው ቢሸፈንና አበላቸው በወቅቱ ቢከፈል፣ ከወጌሻዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋርም በይፋ ቢተዋወቁ መልካም ነው። በሚቀጥለው ዘመቻ ደግሞ ጠዋት እናቶቻቸውን ተከትለው ቀፊራ ገበያ የሚውሉ ሕፃናት በቤታቸው ስለማይገኙ፣ በገበያውና በመናኸሪያው በር ላይ የሚቆም ቡድን ይመደብ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ