የሰፈራችን መብራት ይመለስ፣ ዘበኞቻችንም ጣሪያ ይኑራቸው

በደብረ ማርቆስ ለምትኖሩ የሰፈራችን ሰዎች፣ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ላላችሁ የሰፈራችን ልጆች፦

እንደምን ከረማችሁ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። እንደገና እጃችንን ዘርግተን መጥተናል። አምና መዋጮ ስንሰበስብ «ከዚህ በኋላ አናስቸግራችሁም» ብለናችሁ ነበር። አልሆነልንም።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት በረዶ ቀላቅሎ የጣለውን ዝናብ እዚህ ያላችሁ አትረሱትም። ከጥበቃ ቤቷ ጀርባ የነበረው ትልቁ ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ጣሪያዋ ላይ ወደቀ። ሲወድቅ የመብራቱን ገመድ ይዞት ስለሄደ ምሰሶዎቹም አብረው ተጋደሙ። ተረኛው ዘበኛችን በዚያች ሰዓት ፊሽካቸውን እየነፉ የታችኛውን መንገድ ይዞሩ ነበር። እሱ ነው ያተረፋቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚቀመጡባት ዱካ ከግንዱ ሥር ተሰባብራ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ዘበኞቻችን በተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንበው ያድራሉ። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ከተማ ላይ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ደጅ እንዲያድር ማድረግ ለእኛ ነውር ነው።

ሌባ ደግሞ ጨለማ ሲያገኝ አይቆይም። የውሃ ቆጣሪ ከነቧንቧው እየተነቀለ ነው። የተሰጣ ልብስ አያድርም። ለበዓል የተገዛ በግ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር እያደረ ነው። እዚህ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማታ ስትመለስ መንገዱ ስላልታያት የስልኳን መብራት አብርታ ነበር። ሌባው የት እንዳለች ያወቀው በዚያው መብራት ነው። ከእጇ መንትፎ ወረደ። የአንድ እግር ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ጠዋት አንዲት እናት አግኝተው፣ አጥበው ሰጧት። ልጅቷ ስለ ስልኩ ብዙም አላወራችም። «እዚህ ሰፈር መብራት አለ ብላችሁ አይደል ያከራያችሁኝ?» ነው ያለችው። ምን እንመልስላት?

አንድ ነገር አደራ እንላለን። የተሰረቀባችሁ ሁሉ ለፖሊስ ተናገሩ። ብዙዎቻችን «ላይገኝ ምን አደክመኝ» ብለን እንተወዋለን። ያልተመዘገበ ስርቆት ግን እንዳልተፈጸመ ነው የሚቆጠረው። የሌሊት ቅኝት ወደ እኛ እንዲመጣ ስንጠይቅ «እናንተ ጋ እኮ ደህና ነው» የምንባለው ለዚህ ነው።

ከዕቃው በላይ እኛን ያስፈራን ጥርጣሬው ነው። በዚህ ወር ቆጣሪ የጠፋበት አንድ ጎረቤታችን ጥግ ላይ ካለችው ቤት የተከራየውን የቀን ሠራተኛ ልጅ ጠረጠረ። ሰው ተሰበሰበ፣ ድንጋይም የያዘ ነበር። ሽማግሌዎች መሀል ገብተው አስጣሉት። በኋላ ሲጣራ ልጁ ያን ሌሊት ሲሚንቶ ሲያራግፍ ነው ያደረው። አያቶቻችን ዕቃ ሲጠፋ ሌባሻይ ያስነዱ ነበር። መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ ደጃፉ ላይ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባል ነበር። በዚያ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተበደለ እግዚአብሔር ይወቀው። ሰው በጨለማ ውስጥ ሲፈራ ወደዚያው ይመለሳል። መብራት ካለ ግን የመጣውም የሄደውም ይታያል፤ ማንም በግምት አይወነጀልም። የምንለምናችሁ ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

«ያምናው ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ሰምተናል። መጠየቅ መብታችሁ ነው። ገንዘቡ ገመድ፣ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የጥበቃ ቤቷ ቆርቆሮና ሚስማር ሆኗል። የዘበኞቹ ደመወዝ አንድም ወር አልተቋረጠም። መብራቱ የተሳበው ከአንዲት እናት ቆጣሪ ላይ ስለነበር የፍጆታውን በየወሩ ከፍለናቸዋል። ኮሚቴው ለሻይ እንኳ አላወጣም። ደረሰኙ በሙሉ በእድሩ ቤት ሳጥን ውስጥ አለ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ ማየት ይቻላል። ምሰሶውን ከባሕር ዛፍ ያደረግነው የብረት ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለነበርና እንጨቱን አንድ ጎረቤታችን በነፃ ስለሰጡን ነው። ደግሞም ዛፉ እስኪወድቅበት ድረስ አብርቷል። በዚያን ጊዜ ሁሉ እናቶች ለኪዳን፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለሱብሂ ሰላት ሳይፈሩ ወጥተው ገብተዋል። ይህ እንዳይረሳብን።

አሁን ግን ብረት ይሁን፣ ሥሩም በሲሚንቶ ይሞላ ብለን ወስነናል። ጷጉሜን ላይ መሰብሰብ ጀመርን፤ በበዓሉ ወጪ ምክንያት ቆመ። የተገኘው ከሚያስፈልገው ግማሽ አይሞላም። አንዳንዱም «እግዚአብሔር ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ ይደክማል ተብሎ የለም ወይ?» ይለናል። አዎ፣ በመዝሙረ ዳዊት ተብሏል። ነገር ግን ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጸለየም፣ ቀንና ሌሊት ዘብም አቆመ። እኛም ሁለቱንም እያደረግን ነው።

በቤት 500 ብር ጠይቀናል። የሌለው የቻለውን ያህል፣ እሱም የሌለው ጉልበቱን ይስጠን። ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ጉድጓዱን በደቦ እንቆፍራለን። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጠላውንና ቆሎውን እናቶች ችለውናል።

ክፍያው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ገንዘቡ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው አምና መልእክታችን ከስልክ ስልክ ሲዞር አንድ ሰው የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ለውጦ ስላሰራጨው ነው። ትክክለኛው ቁጥር ማኅተም ተመትቶበት በእድሩ ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን ለእናት ለአባታችሁ ደውሉና ከበሩ ላይ አንብበው ይንገሯችሁ። በቴሌብር ለግለሰብ ስልክ አትላኩ። «ኮሚቴው ልኮኝ ነው» ብሎ ቤታችሁ ለሚመጣም በእጅ አትስጡ፤ ማንንም አልላክንም።

ከላካችሁ በኋላ ደረሰኙን ለእድሩ ጸሐፊ አሳዩ፣ ስማችሁ ይመዝገብ። ደግመን እንላለን፦ ንግድ ባንክ፣ በኮሚቴው ስም፣ ቁጥሩ ከእድሩ ቤት በር ላይ። እስከ መስቀል ዋዜማ ድረስ ብታስገቡልን ብረቱን ዋጋው ሳይጨምር እንገዛለን።

የሰፈሩ የጸጥታና የመብራት ኮሚቴ
ደብረ ማርቆስ