ሞተር መግዛትሽን ሰማሁ

ልጄ፣

ሞተር ሳይክል መግዛትሽን ከአክስትሽ ሰማሁ። ሐዋሳ የተነሳሽውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። እንድቆጣ ፈልጋ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን ጎማውን ነበር የማየው። የኋላው አልቋል።

ደበቅሽኝ ብዬ ልቀየምሽ አልችልም። እኔም ደብቄያለሁ።

1985 ነው። ድሬዳዋ ላይ ሴት ልጅ ሳይክል መንዳቷ ብርቅ አልነበረም። ከተማው ሜዳ ነው፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ አለ፤ ሁላችንም እንነዳ ነበር። ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው። የምሠራበት ቢሮ አሮጌ ያማሃዎቹን በጨረታ ሲሸጥ ማንንም ሳላማክር ዋጋ አስገባሁ። አንዷ ደረሰችኝ። ቤት ይዤያት መግባት ስለፈራሁ መጋላ ሰፈር፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግቢ አቆምኳት።

ቱ ስትሮክ ነበረች፤ ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚቃጠልባት ዓይነት። የዘይት ፓምፗ ስለማይታመን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ራሴ እቀላቅል ነበር፤ ለ5 ሊትር ሩብ ሊትር። ካንዴላዋ ቶሎ ይጠቁራል። ፈትቼ በድርያ ቀሚሴ ጫፍ እጠርገውና መልሼ አስረዋለሁ። ልብሴ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት እማዬ የላምባ ምድጃውን ትረግማለች።

ቅዳሜ ሲሆን ወደ ሐረር! ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መንገዱ የሚያልፍበት የደንገጎ ተራራ ግን ከ2000 ያልፋል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ታስላለች፣ በሁለተኛ ማርሽ ትንፏቀቃለች። አንዱ ጥምዝ ላይ ደግሞ ድንገት ይበርድሻል። ድሬ ተወልደሽ ካላደግሽ ይኼ አይገባሽም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። በታክሲ ስትሄጂ ሾፌሩ ካልቆመ አትቆሚም። እኔ ደንገጎ አናት ላይ ቆምኩ። ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ፤ የት ነሽ የሚለኝ የለም። ከዚያ ዓለማያ፣ ያኔ ሐይቁ ሞልቶ። ከዚያ የአወዳይ የጫት ግርግር። ሐረር ጁገል ግንብ ጥግ አንድ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ስመለስ ቁልቁለቱን ጋዝ ዘግቼ አልወርድም። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ፒስተኑ ደርቆ ይጣበቃል። ያንቺው እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም። ፍሬኑን ግን አሳዪ።

አያትሽ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ይሠሩ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ አብዛኛው ፈረንሳይኛቸውም ከሥራ ቦታ አይወጣም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጋላ ሄጄ ሞተሯን ሳወጣት ካቴናዋ ተወጥሮ፣ ግራሶ ጠግቦ አገኘሁት። ባልደረባዬን ብጠይቃት መሬት መሬት ታያለች። ያን ጥቁር ወፍራም ግራሶ ግን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባባ ቱታ ላይ ሳጥበው የኖርኩት ነው።

ማታ እራት ላይ ቀና ብለው አዩኝና «ሳቫ?» አሉኝ፤ በፈረንሳይኛ «ደህና ነው?» ማለታቸው ነው።

«ሳቫ» አልኩ። ሽሯቸውን መብላት ቀጠሉ። ከዚያ በኋላም አንድም ቀን አላነሱትም። እኔም ሞተሯን እስክሸጣት ድረስ መጋላ ማቆሜን አልተውኩም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ለበዓል የላክሁልሽ ካርቶን ሐሙስ ይደርስሻል። በርበሬው ከላይ ነው። ከሽሮው ሥር በፌስታል የጠቀለልኩት ጓንት አለ፤ መጋላ ዞሬ ዞሬ ነው ያገኘሁት፣ ከጠበበሽ ንገሪኝ።

እናትሽ