የሯጭ ልብ መስፋት ሁሉ በሽታ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጎህ ሲቀድ የሚሮጡ ወጣቶች በበዙ ቁጥር «ብዙ መሮጥ ልብን ያሳብጣል» የሚለው ወሬም አብሮ እየተዛመተ በመሆኑ፣ ጉዳዩ በመጠኑ ቢብራራ መልካም ነው እላለሁ።

ልብ ጡንቻ እንደመሆኑ መጠን ሥራ ሲበዛበት ራሱን ይለውጣል። ስዊድናዊው ሐኪም ሄንሸን የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ደረት በጣቱ እያንኳኳ መርምሮ ልባቸው ከሌላው ሰው የሰፋ መሆኑን የጻፈው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ነበር። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው የግራ የታችኛው የልብ ክፍሉ ይሰፋል፣ ግድግዳውም በመጠኑ ይወፍራል፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚጨምርም ዕረፍት ላይ ሳለ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ ጤናማ ለውጥ ነው፤ ልምምዱ ለወራት ሲቋረጥም ውፍረቱ ይቀንሳል።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። በአልትራሳውንድ ሲለካ የአብዛኞቹ ስፖርተኞች የልብ ግድግዳ ከ12 ሚሊሜትር አያልፍም፤ ከ15 በላይ ሆኖ ከተገኘ ግን በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ መጣራት አለበት። ካሜሩናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪያን ፎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ በጨዋታ መሀል ወድቆ ሕይወቱ ያለፈው ይህ ሕመም ኖሮበት ነው።

የከተማችን አሠልጣኞች ታዳጊዎችን ሲመለምሉ ቁመትና ሰዓት ከመመዝገብ አልፈው፣ በሩጫ መሀል ራሱን የሳተ ወይም ወጣት ዘመዱ በድንገት የሞተበት እንዳለ ቢጠይቁ ምንም ወጪ የለውም። «አዎ» ያለ ልጅ ግን ልቡ ሳይመረመር ባይሮጥ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ