ሳትጠይቂ ድስት አትጣጂ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር ቆመሽ ውለሽ፣ አብራሽ የምትኖረው ልጅ ሳህኗን ሳትነካ ተነሣችና «ናቀችኝ» አልሽ። አልናቀችሽም። ስጎው ላይ ወይን ማፍሰስሽን እኮ ራስሽ ጽፈሽልኛል! አንቺ ያሰብሽው አሳማውን ብቻ ነው። ለሙስሊም ግን ወይኑም፣ ከአሳማ የወጣ ጄላቲን ያለበት ጣፋጭም፣ የከብቱ አስተራረድም ይቆጠራል። ሳትጠይቂ ድስት አትጣጂ።

ጥፋቱ የኔም ነው። ቤት ሳለሽ እጅሽን አስተማርኩት፣ አፍሽን ግን ረሳሁት።

ስትጠይቂም «ምን ትወጃለሽ?» አትበይ፤ እንግዳ ሰው ያፍርና «ሁሉንም» ይልሻል። «የማትበይው ምንድን ነው? የሚያምሽስ?» በያት። ሕጉን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ሥጋና ወተት በአንድ ድስት አይቀላቅልም፤ የጄይን የሚባለው የሕንድ እምነት ተከታይ ሽንኩርት እንኳ ላይበላ ይችላል። ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ የሶያ ሶሱን ጠርሙስ አዙረሽ አንብቢ፣ አብዛኛው ስንዴ አለበት። ኦቾሎኒ የሚያማት ካለች ደግሞ ቀልድ የለም፤ እሳት አያጠፋውም፣ የተጠበሰበት ዘይትና ያልታጠበ ማንኪያም ይበቃሉ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አዲስ ግዢ። ዛሬውኑ።

በቆሎን አስቢው። የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሴቶች በቆሎውን በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ቀቅለው፣ አሳድረው፣ ልጣጩን በእጃቸው አሽተው አጥበው ነበር የሚፈጩት። ከ1492 በኋላ አውሮፓውያን ዘሩን በመርከብ ወሰዱ፤ «ኖራው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ አሠራሩን ይዞ የሄደ ግን አልነበረም። በቆሎው የድሃ ምግብ ሆነ። ከዚያ ቆዳ የሚያሻክር፣ ሆድ የሚያውክ፣ አእምሮ የሚያቃውስ በሽታ መጣ፤ የስፔኑ ሐኪም ጋስፓር ካሳል በ1735 የመዘገበው፣ ኋላ ፔላግራ የተባለው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶችም ብዙ ድሆችን ገደለ፤ ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ከ1914 ጀምሮ ተላላፊ ሳይሆን የምግብ ጉድለት መሆኑን ለማሳየት ደክሟል። የጎደለው ናያሲን የሚባል ቫይታሚን መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። በቆሎው ውስጥ ናያሲን ነበረ፣ ግን ታስሮ፤ የሚፈታው ያ የኖራ ውሃ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት፣ አንድ ጥያቄ ባለመጠየቅ! ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ የቅዳሜው ግብዣ።

ለስድስት ሰው 500 ግራም ደረቅ ሽምብራ በ2 ሊትር ውሃና በአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ዓርብ ማታ ዘፍዝፊ። ጠዋት ውሃውን ድፊ፣ አጥበሽ በአዲስ ውሃ ጣጂ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ አንዷን ፍሬ በጣትሽ ጭመቂያት፤ መሐሏ ዱቄት ከሆነ አልበሰለችም። ቲማቲምና ሎሚ ሳትለሰልስ እንዳታስገቢ፣ ኮምጣጣ ነገር እንደ ጠጠር ያስቀራታል። ቅመሙን ያቺ ልጅ ትጨምርበት፤ እነሱ ቤት መቼ እንደሚገባ፣ በዘይት ይሁን በደረቁ እንደሚቆላ ጠይቂያት። የሚያቃጥለውን ለብቻ በትንሽ ሳህን አቅርቢ።

ሩዙ 450 ግራም ይበቃል። የተረፈውን ምድጃ ላይ አታሳድሪ፤ መፍላት የማይገድለው ጀርም አለ፣ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባና መርዝ ይተፋል፣ ያንን መርዝ ደግሞ ድጋሚ ማሞቅ አያጠፋውም። በሰፊ ትሪ ዘርግተሽ አቀዝቅዢና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢ።

የኔ ዓለም፣ ለልጅቷ ይቅርታ ጠይቂያት፤ «አላወቅሁም» ማለት ይበቃል፣ አታብዢው። እንደገና እልሻለሁ፦ ሳትጠይቂ ድስት አትጣጂ። ያለችሽን ጻፊልኝ፣ ሩዙንም የት እንዳስቀመጥሽው።

እናትሽ