ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሥራዬ የአየርና የውኃ ብክለትን የሚለኩ ሴንሰሮችን መሥራትና መፈተሽ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በየቦታው የማየው ነገር ስላሳሰበኝ ነው። ለብክለት ክትትል የሚመደበው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ በተሰቀለበት ቀን ያልቃል። መሣሪያው ይገዛል፣ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ማን ያጸዳዋል? የሚያወጣው ቁጥር እውነት መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ለዚህ በጀት የለም።

ልመናዬ አንድ ነው። ሴንሰር ስትገዙም ሆነ አዲስ ሴንሰር የሚሠሩ ሰዎችን ስትደግፉ፣ ልኬቱን የማረጋገጥ ሥራ ከዋናው ወጪ ይቆጠር።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ርካሽ የአየር ሴንሰሮች ፒኤም 2.5 የሚባለውን ብናኝ እንለካለን ይላሉ። ይህ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) የማይበልጥ፣ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቅ ብናኝ ነው። መሣሪያው ውስጥ ትንሽ ፋን አለ። አየሩን ይስብና በሌዘር ጨረር ፊት ያሳልፈዋል። ብናኙ ብርሃኑን ይበትናል፣ ሴንሰሩም የተበተነውን ብርሃን ይለካል። ልብ በሉ፣ የለካው ብርሃን እንጂ ክብደት አይደለም። ወደ ማይክሮ ግራም የሚቀየረው በስሌት ነው። ስሌቱ ደግሞ የብናኙን ዓይነት፣ መጠንና ቅርጽ በግምት ይወስዳል።

ግምቱ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን ብናኞቹ ውኃ ይስባሉ፣ ያብጣሉ። ያበጠ ብናኝ ብዙ ብርሃን ይበትናል። ስለዚህ ጭጋጋማ በሆነ ጠዋት ሴንሰሩ ብክለቱ በጣም ጨመረ ይላል፣ የጨመረው ግን ውኃው ነው። አቧራ ሲነሣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ትልልቆቹን ብናኞች እነዚህ ሴንሰሮች በደንብ አያዩአቸውም፣ ቁጥሩም ከእውነተኛው ያንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የፒኤም 2.5ን ዓመታዊ ምክረ ገደብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ ዝቅ አድርጎታል። በሰፊው የሚሸጡ አንዳንድ ሴንሰሮች ግን በራሳቸው መግለጫ ወረቀት ላይ ንባባቸው ከ100 በታች ሲሆን እስከ 10 ማይክሮ ግራም ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ይጽፋሉ። እስከ 10 በሚሳሳት መሣሪያ አየሩ ከ5 በላይ ይሁን በታች እንዴት ይታወቃል? ንባቡ ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ተወዳድሮ ሳይስተካከል አይታወቅም።

ሲስተካከል ግን ብዙ ይጠቅማል። ርካሽ ሴንሰሮችን ላጣጥል አልመጣሁም፤ እኔም የምሠራው እነሱን ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያደረገውን ተመልከቱ። ፐርፕልኤር የሚባሉትን ርካሽ ሴንሰሮች ማጣቀሻ ከሚባሉት፣ ንባባቸው ከሚታመን ዋና መለኪያ ጣቢያዎች ጋር አወዳደራቸው። ጥሬው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው በጣም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ንባቡን ወደ ግማሽ ገደማ የሚያወርድ፣ የአየሩን እርጥበትም የሚያስብ ቀመር አወጣ። ዛሬ በሰደድ እሳት ጊዜ ሕዝቡ የሚያየው የጭስ ካርታ ላይ እነዚያው ሴንሰሮች በዚህ ቀመር ተስተካክለው ይሠራሉ። መሣሪያው ያው ነው። የተለወጠው ከጎኑ ቆሞ የሚመረምረው ሰው መኖሩ ነው።

ያንን ቀመር ገልብጦ ሌላ ቦታ መጠቀም ግን አይቻልም። የተሠራው ለዚያ አየር ነው። የተለየ አቧራ፣ የተለየ ጭስ፣ የተለየ እርጥበት ባለበት ቦታ ማወዳደሩ እዚያው እንደገና መሠራት አለበት። ሻጮች «ፋብሪካ ውስጥ ተስተካክሎ የመጣ ነው» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

የጋዝ ሴንሰሮች ነገር ከዚህም ይብሳል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን በካይ ጋዝ የሚለካው ኤሌክትሮኬሚካል (ውስጡ ባለ ኬሚካል የሚሠራ) ሴንሰር ኦዞን ለሚባለው ሌላ ጋዝም ምላሽ ይሰጣል። ሙቀት ሲለዋወጥ ንባቡ ይዋዥቃል። ውስጡ ያለው ኬሚካል ያረጃል፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው። ቲን ኦክሳይድ በሚባል የብረት ውህድ የሚሠሩትና በጃፓናዊው ፈልሳፊ ናኦዮሺ ታጉቺ ሥራ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፉት ሴንሰሮች የጋዝ መፍሰስን ለማስጠንቀቅ ግሩም ናቸው። የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል። ግን ብዙ ዓይነት ጋዝ ስለሚነካቸው በውጭ አየር ውስጥ ያለውን ጥቂት ብክለት ለይተው እንዲነግሩን መጠበቅ የለብንም።

ስለ ውኃ በአጭሩ ልበል። አሲድነትን፣ የተሟሟ ኦክስጅንን፣ ድፍርስነትን የሚለኩት ሴንሰሮች አስተማማኝ ናቸው፣ በየጊዜው ከተጸዱ። ካልተጸዱ አልጌና አተላ ይሸፍናቸዋል። እንደ እርሳስና አርሴኒክ ያሉትን ለመለካት ግን ላቦራቶሪውን አትዝጉት። ለሁለቱም የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ ገደብ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። ይህን ያህል ትንሽ መጠን ወንዝ ውስጥ ለወራት ተቀምጦ በትክክል የሚለካ ርካሽ ሴንሰር እኔ አልገዛም፣ እናንተም እንድትገዙ አልመክርም።

አሁን ወደ ምርምሩ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው። በየዓመቱ አዳዲስ ሴንሰሮች ይሠራሉ። እጅግ ጥቂት ጋዝ አገኘን የሚል ውጤት ይወጣል። ፈተናው የተደረገው ግን ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በንጹሕና ደረቅ ጋዝ፣ ለጥቂት ሰዓታት ነው። ዝናብ፣ አቧራ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ ነፍሳት የሉበትም። ከዚያ የምርምሩ ገንዘብ ያልቅና ሴንሰሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጎበዝ ልጆች ዓመታት የደከሙበት ሥራ እንዲህ ሲቀር ያሳዝናል። እባካችሁ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ለመሥራት፣ ግማሹ ሴንሰሩ ውጭ ተሰቅሎ ሙሉ ዓመት ከማጣቀሻ መሣሪያ ጎን እንዲፈተሽ ይሁን። ለመፈተሻ መነሻ የሚሆን ሰነድም አለ። የአውሮፓ የደረጃዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 የጋዝ ሴንሰሮችን እንደ ብቃታቸው በመደብ የሚለይ ዝርዝር መስፈርት አውጥቷል።

አንድ የታመነ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ቤይጂንግ ታይቷል። የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ግቢው ውስጥ አንድ የፒኤም 2.5 መለኪያ አቁሞ ውጤቱን በየሰዓቱ በትዊተር ያወጣ ጀመር። በይፋ የሚነገረው መረጃ ያኔ ይህን ብናኝ አያካትትም ነበር። ሕዝቡ ቁጥሩን ተከታተለ፣ ጠየቀ፣ ተከራከረ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2012 ፒኤም 2.5ን በብሔራዊ ደረጃዋ ውስጥ አስገባች፣ በ2013 ደግሞ ከብዙ ከተሞች መረጃውን ለሕዝብ ማውጣት ጀመረች። ምክንያቱ ያ መሣሪያ ብቻ ነው አልልም። ግን ድርሻው ትልቅ ነበር።

ታሪኩ ሌላም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አሜሪካ በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቿ ይወጣ የነበረውን የአየር መረጃ በገንዘብ ምክንያት አቋረጠች። በዚያ ላይ ብቻ ተመክተው የነበሩ ከተሞች የዕለት መረጃቸውን አጡ። የማጣቀሻ ጣቢያ የራስ መሆን አለበት፣ የሚጠግነውም ሰው ደመወዙ ከቋሚ በጀት መከፈል አለበት። የፕሮጀክት ገንዘብ ሲያልቅ አብሮ የሚሄድ ባለሙያ አይበቃም።

ከሻጭ ጋር በምትፈርሙት ውል ውስጥ ሳይጠቀስ እንዳይቀር የምፈልገው ነገር አለ። ጥሬው መረጃ የማን ነው? አንዳንድ ሻጮች መረጃውን በራሳቸው ሰርቨር ይይዙታል፣ ለማየት በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ የስሌቱን ቀመርም ሳያሳውቁ ይቀይራሉ። ቀመሩ ከተቀየረ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ማወዳደር አይቻልም፣ ብክለቱ ቀነሰ ወይስ ሶፍትዌሩ ተለወጠ ማንም አያውቅም። ጨረታ ስታወጡ ጥሬው መረጃ የእናንተ እንዲሆን፣ ለሕዝብም እንዲወጣ፣ የቀመር ለውጥ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገራችሁ ጻፉበት። ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ይጨምር።

አዲስ ግዢ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። ከተሰቀሉት ሴንሰሮች ጥቂቶቹን አውርዳችሁ ከማጣቀሻው ጣቢያ ጎን አስቀምጧቸው። ለጥቂት ሳምንታት እዚያው ይቆዩ፣ በእርጥቡም በደረቁም ወቅት ይደገም። አንዱ ወይም ሁለቱ እዚያው በቋሚነት ይቅሩ። ውጤቱን ደግሞ መጥፎ ቢሆንም አውጡት። ሕዝቡ «ይህ ሴንሰር በዝናብ ወቅት ይሳሳታል» ተብሎ ቢነገረው ይረዳል። የማይረዳው ከተደበቀ በኋላ ሲደርስበት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ምላሻችሁን ለእኔ ብቻ ሳይሆን በይፋ ብትሰጡን ደስ ይለኛል። ማወዳደሩን ስትጀምሩ በሙያዬ ላግዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሴንሰር ባለሙያ