የልጄ አስተርጓሚ ልጄ ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ዓመት የ15 ዓመት ልጄን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ ጠልቶ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ዘግቶ መዋል ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ክሊኒኩ አስተርጓሚ አላቀረበልንም፤ ልጁ እንግሊዝኛ ይችል የለ! ሐኪሟ ብዙ አናገረችው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ መለሰላት። "ምን አለችህ?" ስለው "ደክሞሃል፣ በደንብ ተኛ ነው ያለችኝ" አለኝ። የሰጡንን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ለሥራ ጓደኛዬ ባሳያት ፊቷ ተለወጠ። የተጻፈው ድብርት ነው። የቴራፒስት ስልክም ነበረበት። ማታ ልጄን ስጠይቀው "እማ፣ ሁለት ሥራ እየሠራሽ እኔ ደግሞ እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነው" አለኝ። ይህን የምጽፈው እሱን አስፈቅጄ ነው።

ኮሎራዶ ለልጆቹ ምንም አላደረገም አልልም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የኮሎራዶ የሕፃናት ሆስፒታል የወጣቶች የአእምሮ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ ላይ ደርሷል ብሎ አወጀ። በዚያው ዓመት የስቴቱ ምክር ቤት "አይ ማተር" የተባለውን ፕሮግራም አቋቋመ። ገቢና ኢንሹራንስ ሳይጠየቅ፣ አንድ ወጣት እስከ ስድስት ጊዜ ቴራፒስት በነፃ ያገኛል። በ2024 ደግሞ ፕሮግራሙ የሚያበቃበት ቀን ተነሥቶለት ቀጣይ ሆነ። ከ2019 ጀምሮም 12 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ ቴራፒስት ማየት ይችላል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ልጄ ከታመመ በኋላ ነው።

ነገር ግን ሕጉ የሚያየው ልጁን ብቻ ነው። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ስለሚናገሩ ፎርሙ ላይ "አስተርጓሚ አያስፈልግም" ተብሎ ይሞላል። የእኛ ቤት ችግር ያለው ግን በልጁና በእናቱ መካከል ነው። ልጄ ለሚሰማው ነገር አማርኛ የለውም። እኔ ደግሞ የአእምሮ ሕመም ሲባል ትዝ የሚለኝ አዲስ አበባ "አማኑኤል ገባ" እየተባለ በሹክሹክታ የሚወራበት ሰው ነው። ጸበልም ወስጄዋለሁ፤ አላፍርበትም። ግን ቴራፒስቱም ያስፈልገው ነበር፤ እኔም ልጄ ምን እንደሆነ በገዛ ቋንቋዬ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

የምጠይቀው ይህን ነው፤ ከስድስቱ ቀጠሮ ሌላ፣ ልጁ ሲስማማ፣ ወላጅ አብሮ የሚቀመጥበት ሁለት ቀጠሮ ይጨመር። አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ካለ በእሱ፣ ከሌለም በሠለጠነ አስተርጓሚ፣ ወጪውን ስቴቱ ችሎ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሕክምና ቤት ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ እንደማይችል ደንቡ ይላል። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ "አስተርጓሚ አምጡልኝ" ብዬ ከወንበሬ አልነሣም ነበር።

ስለ ገንዘቡ የሚመክረው የጋራ በጀት ኮሚቴ ስድስት አባላት ብቻ ነው ያሉት። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ ተከፍቶ 120 ቀን ይሠራል። የሕግ ረቂቅ የሚያዩት ኮሚቴዎች ማንንም ነዋሪ ይሰማሉ፤ ስም አስመዝግቦ በአካልም በዙምም መናገር ይቻላል። እኛ ግን ያን የምክር ቤቱን ሕንፃ ወርቃማ ጉልላት ከመኪና መስኮት ነው የምናየው። ለሠርግና ለለቅሶ ከሥራ የምንቀር ሰዎች፣ ለዚህ ግማሽ ቀን አናጣም።

እኔ በመጪው ጉባኤ ስሜን አስመዘግባለሁ። በአማርኛ እናገራለሁ፤ የምታስተረጉምልኝም ወረቀቱን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ናት። ከአውሮራ የምትነሡ ወላጆች ካላችሁ መኪናዬ ከእኛ ሌላ ሦስት ሰው ይይዛል። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

አንዲት እናት
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ