ሞተሩ ሳይፈተሽ «ተቃጥሏል» አይባል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሪሞት የሚነዳ የመጫወቻ የኤሌክትሪክ ትራክ አንድ ቀን ቆሞ አልነሳ ሲል ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ቃሉ በችኮላ እንዳይነገር ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ዳንግላ፣ የዚህ መኪና ሞተር እንደ ባጃጅ ካንዴላ ከመደብር ብድግ ተደርጎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ወይ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ ወይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል። ስንት ጊዜ ተጠብቆ የመጣው አዲስ ሞተር ተገጥሞም መኪናው ንቅንቅ አልል ሲል፣ ጥፋቱ ከመነሻው ሞተሩ ላይ እንዳልነበረ ያኔ ይታወቃል። ገንዘቡ ግን ወጥቷል፤ ልጁም አዝኗል። መመሪያው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ስለሆነ የፍተሻውን አካሄድ በአማርኛ ብታትሙልን ለብዙ ቤት ይጠቅማል።

ፍተሻው ከሞተሩ አይጀምርም፤ ከመሪው ነው። ጎማዎቹ ከመሬት እንዲነሱ መኪናው ሳጥን ላይ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ሪሞቱ፣ ቀጥሎ መኪናው ይከፈት። መሪው ግራና ቀኝ የሚል ከሆነ ባትሪው ኃይል አለው፣ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ከሪሞቱ ጋር ተግባብቷል፣ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ እየመጠነ የሚሰጠው የፍጥነት መቆጣጠሪያም ለሪሲቨሩ የሚገባውን 5 ወይም 6 ቮልት እየሰጠ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ሪሲቨሩ ላይ የሰርቮው (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) እና የመቆጣጠሪያው ሶኬት ቦታ ይቀያየሩ፤ ቻናል 1 ላይ የነበረው ወደ 2፣ የ2ቱ ወደ 1። ጥቁሩ ወይም ቡናማው ሽቦ በነበረበት ጎን መግባቱን አረጋግጡ። አሁን የሪሞቱን መሪ ስታዞሩ ሞተሩ ከተነሳ፣ ሞተሩም መቆጣጠሪያውም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ የሪሲቨሩ ሁለተኛ ቻናል ወይም ፍጥነት የሚሰጠው የሪሞቱ ቃታ፣ ወይም የቃታው ትሪም ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ስንቱን ሞተር ከመጣል ያድናል።

ሶኬቶቹን ወደ ቦታቸው መልሳችሁ ቻናሉ ወይም ቃታው ተበላሸ ከማለት በፊት፣ ሪሞቱ ላይ ያለችው የቃታ ትሪም (የቃታውን መነሻ የምታስተካክለው) ከመሃል አለመራቋ ይታይ። ትሪሟ ከተዛባች ብዙ መቆጣጠሪያዎች የቃታውን መነሻ ስለማያገኙ ለደህንነት ሲሉ ሞተሩን አያስነሱም፤ መብራታቸው ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ትሪሟን መሃል አድርጎ መቆጣጠሪያውን እንደገና ከቃታው ጋር ማስተዋወቅ ነው፦ ቃታው ሲለቀቅ፣ እስከ መጨረሻው ሲሳብና ወደ ኋላ ሲገፋ ያሉትን ሦስት ቦታዎች ይመዘግባል። የቁልፉ አያያዝ እንደ ፋብሪካው ይለያያል።

ባትሪውን ሳይሠራ መለካት ያሳስታል። ሁለት ሴል ያለው ሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ያሳያል፤ ያረጀ ባትሪም ሳይሠራ ይህንኑ ያሳያል። ቴስተሩ እንደተያያዘ ጎማው መሬት ይዞ ቃታው ለአፍታ ይሳብ። ቮልቱ ወደ 6.4 አካባቢ ከወረደ መቆጣጠሪያው «ባትሪው አልቋል» ብሎ ሞተሩን ይቆርጣል፤ መኪናው ሁለት ሜትር ሄዶ ይቆማል፣ ቃታው ሲለቀቅ ደግሞ ይነሳል። ይህ የባትሪ ወይም የላላ ሶኬት ምልክት ነው፤ ሶኬቱ ከጋለ ጥፋቱ እዚያው ነው። ባለ ካርቦን ሞተር (ኃይሉን በሚነኩት የካርቦን ቁራጮች የሚያገኝ) መቆጣጠሪያዎች ላይ የባትሪውን ዓይነት የምትመርጥ ጃምፐር የምትባል ትንሽ ተነቃይ መሰኪያ አለች። ሊፖ እየተጠቀማችሁ ጃምፐሯ ኒኬል ላይ ከሆነች ባትሪው ከልኩ በታች ወርዶ ያብጣል። ያበጠ ሊፖ ደግሞ ቻርጅ አይደረግም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ሞተሩ ከጥርሱ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ጎማው ከሚያሻግረው ጥርሳም መዘውር ይለይ። ሞተሩን የያዙት ሁለት ብሎኖች ላላ ተደርገው፣ የሞተሩ ትንሿ ጥርስ ከትልቁ ጥርስ እስክትላቀቅ ሞተሩ ወደ ኋላ ይሳብ። ጎማዎቹ በእጅ ይዙሩ፤ ቀለል ብለው መዞር አለባቸው። ካልዞሩ የታሰረው ዲፈረንሻሉ ወይም ኩሽኔታው ነው፤ ሞተሩ ያላጠፋውን ሲሸከም ኖሯል። ከዚያ ሞተሩ ብቻውን በትንሽ ቃታ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይሞከር። ብራሽለስ (ካርቦን የሌለው) ሞተር ጭነት ሳይኖርበት ቃታው እስከ መጨረሻ አይሳብ፤ በባዶው ከልክ በላይ ስለሚፈጥን ውስጡ ያለው ማግኔት ሊላቀቅ ይችላል። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው የማይዞር ከሆነ ደግሞ ትንሿን ጥርስ ከዘንጉ ጋር የያዘችው ብሎን ላልታለች። የምትቀመጠው ዘንጉ ላይ በተላገው ጠፍጣፋ ቦታ ነው፤ ሌላ ቦታ ብትጠብቅ ሁለተኛ ቀን አትቆይም።

አሁን ወደ ሞተሩ። የሚወጡት ወፍራም ሽቦዎች ሁለት ከሆኑ ባለ ካርቦን፣ ሦስት ከሆኑ ብራሽለስ ነው።

ባለ ካርቦኑን ለመፈተን አራት ትልልቅ የራዲዮ ድንጋይ በተከታታይ ተያይዘው 6 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ጫፎች ሞተሩን ለአፍታ ይንኩ። በድንጋዩ እየዞረ በመኪናው ላይ የማይዞር ከሆነ የመቆጣጠሪያው ወይም የሽቦው ችግር ነው። ብራሽለስን ግን ፈጽሞ በባትሪ በቀጥታ አትንኩት፤ አይዞርም፣ መጠምጠሚያው ብቻ ይቃጠላል።

ሞተሩ በጣት ገፋ ሲደረግ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ካርቦኖቹ የሚነኩት መዳብ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ኃይል ካላገኘ ዘንጉ እዚያ ቦታ ላይ ሲቆም አይነሳም፣ አለፍ ሲደረግ ግን ይዞራል። ምክንያቱ ወይ ካርቦኑ አልቆ ሞላው መጫን አቅቶታል፣ ወይ መዳቡ ጠቁሯል፣ ወይ አንዱ መጠምጠሚያ ተበጥሷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማዳን ይቻላል። በሞተሩ ቀዳዳ በባትሪ መብራት ሲታይ ጤነኛው መዳብ ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ የታመመው እንደ ምጣድ ቂጥ የጠቆረ ነው። ሞተሩ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ መዳቡ በቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተደርጎ ይወልወል። በሦስቱ ክፍሎች መሃል ያሉት ስንጥቆች የካርቦን ዱቄት ስለሚሞላቸው በጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ይጠረጉ። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እዚያ ሲከማች ክፍሎቹን እርስ በርስ ያገናኝና ሞተሩ እየጋለ ጉልበቱ ይቀንሳል። ካርቦኑ ከአዲሱ ርዝመት ሢሶ ያህል ብቻ ሲቀረው ይቀየር። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው፤ መዳቡን ዙሪያውን የሚከብ ብልጭታ ግን ሞተሩ እየተጎዳ መሆኑን ይናገራል።

ሞተሩ ላይ የተበየዱ ሦስት ትንንሽ ካፓሲተሮች ላይ 104 የሚል ቁጥር ይነበባል። ሥራቸው ብልጭታው የሚፈጥረው ረብሻ ሪሲቨሩን እንዳያውክ ማድረግ ነው። አንዷ እግሯ ከተነቀለ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ አንዷ ውስጧ ሾርት ከሆነ ደግሞ መቆጣጠሪያው ይግላል። ሞተሩ ከመቆጣጠሪያው ተነቅሎ ከሁለቱ ጫፎች ወደ ቆርቆሮው በቴስተር ሲለካ መጮኽ የለበትም። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚነበበው ኦም ላይ ግን አትመኩ፤ የእነዚህ ሞተሮች ኦም እጅግ ትንሽ ስለሆነ የቴስተሩ የራሱ ሽቦ ይበልጠዋል።

ብራሽለሱ በሌላ መንገድ ይታያል፤ ቴስተርም አያስፈልገውም። ሦስቱ ሽቦዎች ከመቆጣጠሪያው ይነቀሉና ሳይነካኩ ዘንጉ በጣት ይዙር። ማግኔቱ ቆም ቆም እያደረገው ይሄዳል፤ ያ ጤና ነው። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች አነካክታችሁ ስታዞሩ ዘንጉ ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ይከብዳል። ሦስቱ ጥንዶች በየተራ ይሞከሩ፤ ክብደታቸው እኩል መሆን አለበት። ሁለት ጥንዶች ቀልለው አንዱ ብቻ ከከበደ፣ ለሁለቱ ቀላል ጥንዶች የጋራ የሆነው ሽቦ ነው የተበጠሰው። ሽቦዎቹ ሳይነካኩም ዘንጉ ያለ ሻካራ ድምፅ ከከበደ ግን መጠምጠሚያው ውስጥ ሾርት አለ፤ ያኔ «ተቃጥሏል» ማለት ያስኬዳል።

ብራሽለስ ሲነሳ ከተንገዳገደና ከተርገፈገፈ ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ላልቷል ብላችሁ ጀምሩ። ሶኬቱ ላይ ያለው ሊድ የሚያብረቀርቅና ሽቦው ውስጥ የሰረገ መሆን አለበት። ደብዛዛ ግራጫ ኳስ ሆኖ ከተቀመጠ ላዩን ብቻ ነው የያዘው። ለሞባይል ጥገና የሚሆነው ቀጭን ካውያ ለዚህ ወፍራም ሽቦ ግለቱ አይበቃም፤ 60 ዋት ግድም የሆነ ሰፊ ጫፍ ያለው ይፈለጋል። ለራዲያተር ብየዳ የሚውለው አሲድ ሽቦውን ስለሚበላ አይጠቀሙበት። ሞተሩ ቀጫጭን ስድስት ሽቦዎች ያሉት የሴንሰር ገመድ ካለው እሱን ነቅሎ መሞከርም ጥሩ ነው፤ ብዙ መቆጣጠሪያዎች ያለ ሴንሰርም ያስነሳሉ፣ ከተነሳ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሴንሰር የሌለው ብራሽለስ ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውም ሁለቱ ሲቀያየሩ አቅጣጫው ይስተካከላል። ሴንሰር ያለው ላይ ግን ሽቦ አይቀያየርም፤ አቅጣጫው ከመቆጣጠሪያው ቅንብር ነው የሚስተካከለው።

ስለ ግለት ሰፋ አድርገን መጻፍ እንፈልጋለን፤ ጎጃም ላይ ከመመሪያው የሚለይ ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳባታል። ሞተሩን የሚያበርደው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን ያንኑ ያህል እየዞረ የሚያነሳው ግለት ያነሰ ነው። ማለዳው ብርድ ስለሆነ ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ በቀትር ፀሐይ፣ ዳገት ላይ፣ ረጅም ሣር ውስጥ ግን ይታወቃል። ስለዚህ ፋብሪካው በሰጠው ትንሿ ጥርስ ፈንታ፣ ዙሪያዋ ያሉት ጥርሶች ቁጥር በሁለት ያነሰ ማድረግ እዚህ ይመከራል። ፍጥነቱ ጥቂት ይቀንሳል፣ የሞተሩ ሸክም ግን በጣም ይቀላል። ብዙዎች ፍጥነት ፈልገው የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ትልቅ ጥርስ ይገጥማሉ፣ ሞተሩ በአንድ ባትሪ ጊዜ ውስጥ ይጠበሳል።

በየቦታው የሚነገረው «የውኃ ጠብታ ጣሉበት፤ ከተንጫጫ ከ100 ዲግሪ አልፏል» የሚለው መለኪያም እዚህ ልኩ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ላይ ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ በ92 አካባቢ ይፈላል። ደግሞም ጠብታው እስኪንጫጫ መጠበቅ ዘግይቶ መድረስ ነው፤ 80 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት። ጣት በሞተሩ ላይ ሦስት ሰከንድ መቆየት ካልቻለ መኪናው ይረፍ። ግንባር ላይ የሚደቀነው ቴርሞሜትር ለዚህ አይሆንም፤ ከ43 ዲግሪ አካባቢ በላይ አያነብም። ብራሽለስ ሞተር ከልክ በላይ ሲግል የማግኔቱ ኃይል ይደክማል፤ የደከመ ሞተር በባዶው ከቀድሞው ይልቅ ይፈጥናል፣ መሬት ሲይዝ ግን ጉልበት የለውም፣ ባትሪም ይበላል። ይህ አይጠገንም።

ጥርስና ጥርስ ሲገናኙ በመሃላቸው ቀጭን የደብተር ወረቀት አስገብቶ ሞተሩን መግፋትና ብሎኑን ማጥበቅ፣ ከዚያ ወረቀቱን ማውጣት ልኩን ያመጣል። ወረቀቱ ተሸብሽቦ ሳይቀደድ ከወጣ ጥሩ ነው። የጠበቀ ጥርስ ሞተር ያግላል፤ የላላ ጥርስ ትልቁን ጥርስ ይልጠዋል።

በበጋ ቀዩ አፈር እንደ ዱቄት ሆኖ ካርቦኑ ውስጥ ይገባል፤ በክረምት መረሬው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ መኪናውን እጥፍ ያከብደዋል፣ ያን ሁሉ የሚገፋው ሞተሩ ነው። ከአውድማ አጠገብ ከተነዳ ደግሞ የጤፍ ገለባና ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ኩሽኔታውን ያስረዋል፤ ጎማው ተፈትቶ በወረንጦ ይውጣ። ሞተሩን በቤንዚን ማጠብ ይቅር። የኩሽኔታውን ዘይት አጥቦ ይወስዳል፣ ብልጭታ ባለበት ሞተር ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደግሞ ይቀጣጠላል። ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር ማስነፋት ይቻላል፤ ግን ዘንጉ በጣት ይያዝ፣ አየሩ በደረቅ ኩሽኔታ ላይ እንዳያስሮጠው። ከደረቀ በኋላ በየኩሽኔታው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል፤ ከበዛ ወደ ካርቦኑ ይፈስሳል። የሻከረ ኩሽኔታ ሲቀየር ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ፤ ኤምአር115 የሚለው 5 በ11 በ4 ሚሊሜትር ማለት ነው።

የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ይህንን ትንሽ ሞተር እንዲጠመጥሙላችሁ አታስቸግሯቸው። ሚዛኑ ትንሽ ከተዛባ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፤ አያዋጣም።

ሞተሩ በእርግጥ ከሞተ፣ ስታዝዙ «የትራክ ሞተር» ብቻ አትበሉ። የተለመደው 540 የሚባለው ሲሆን ስፋቱ 36፣ ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ዘንጉ 3.17 ሚሊሜትር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ 25 ሚሊሜትር የሚራራቁ ነው። ይህንን ለክታችሁ፣ የሽቦዎቹን ብዛትና የትንሿን ጥርስ የጥርሶች ብዛት ጨምራችሁ ላኩ። አዲሱ ሲመጣ ደግሞ የቀድሞዎቹን ብሎኖች ርዝመት ሳትለኩ አትጠምዙ። ብሎኑ ማሰሪያውን አልፎ ሞተሩ ውስጥ ከ3 ወይም ከ4 ሚሊሜትር በላይ መግባት የለበትም፤ ከረዘመ ጫፉ መጠምጠሚያውን ይፍቀዋል፣ አዲሱ ሞተር በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። ክብሪት እንጨት በቀዳዳው አስገብቶ ጥልቀቱን ማየት በቂ ነው፤ ብሎኑ የረዘመ እንደሆነ ከራሱ ሥር አንድ ሮንዴላ ይጨመር።

ከአክብሮት ጋር፣
የሪሞት መኪና ጠጋኞች
ከባሕር ዳር